በእናቴ ዘንግ የተለካ መንገድ

የእናቴ የሸክም ዘንግ ልጆችን ቁርአን ከማስተምርበት ዳስ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ቀርከሃ ነው። መሃሉን ስዳስሰው ትከሻዋ ያለሰለሰውን ቦታ አገኘዋለሁ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። ተራራውን ተሻግረው የሚመጡት ተማሪዎቼ መንገዱ ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል። አልነበረም። ላስረዳችሁ።

ታላቅ እህቴ ከተራራው ማዶ ነበር ያገባችው። ዙሪያውን ለሚሄድ ሰው ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ስለሚሞላ ጭራሽ አይሞከርም። እናቴ የመንደራችን አዋላጅ ነበረች። የሰውን ልጅ ሁሉ ስታዋልድ፣ የገዛ ልጇ የወለደቻቸው ሁለት ሕፃናት እሷ ሳትደርስላቸው ሞቱ። በዚያ ዓመት እህቴ እንደገና አረገዘች፤ የምትወልደውም ዝናቡ ሲጀምር ነበር።

«የዚህኛውን እትብት የምቆርጠው እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ የመንደሩን ወንዶች ሰበሰበ። እኔ ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። መንገዱ ከመንደራችን ጅረት ተነስቶ በቀርከሃው ጫካ ያልፋል፤ ከዚያ የተራራውን ጎን ይዞ ይወጣና ገደሉ አፍ ላይ በአንድ ቋጥኝ ዙሪያ ይታጠፋል። ያስቸገረችን ያቺ መታጠፊያ ናት። ቋጥኙ ላይ ደረቅ ቀርከሃ ከምረን እናነድ ነበር፤ ቀርከሃው እንደ ጠመንጃ እየጮኸ ይፈነዳል። ድንጋዩ ሲግል ውሃ እንደፋበታለን፤ ሲሰነጠቅ በድጅኖ እንፈነቅለዋለን። የዚያ የጋለ እርጥብ ድንጋይ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ሰው ማለፍ ሲችል ጨረስን ብለን እናቴን ጠራናት። ከፊት የማሽላ ዱቄት፣ ከኋላ የማር ቅል አንጠልጥላ መጣች። ለማያውቅ ልንገር፤ የእኛ ሴቶች በጀርባቸው አይሸከሙም። ሸክሙን ከዘንጉ ሁለት ጫፍ ያንጠለጥሉና ዘንጉን በአንድ ትከሻቸው ያስቀምጡታል። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እያየን ያደግን ወንዶች፣ መንገዱን የለካነው በባዶ እጁ በሚሄድ ሰው ነበር። መታጠፊያው ላይ የዘንጉ የፊት ጫፍ ቋጥኙን መታው፤ የኋላው ቅል ገደሉ ላይ ተወዛወዘ። እናቴ እግሯን እየለካች ወደ ኋላ ተመለሰች።

«አውርጂውና እኛ እናሻግርልሽ» አላት አጎቴ።

«ስመለስስ? ክረምቱን ሙሉ እዚህ ቆመህ ልትጠብቀኝ ነው?»

«ወላሂ፣ ዘንግሽን ትንሽ ብናሳጥረውስ?»

«ምላስህን አሳጥር!»

ወንዶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዘንጉን መታጠፊያው ላይ አጋደመችና የሚፈነቀለውን ልክ በከሰል ቋጥኙ ላይ አሰመረች። «ይሄ እስኪዞር ድረስ ነው» አለች።

ደመናው መክበድ ጀምሮ ነበር። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሰባት ቀን አነደድን፣ ፈነቀልን። በስምንተኛው ቀን ዘንጉ ምንም ሳይነካ ዞረ። እናቴ አላመሰገነችንም፤ ቸኩላ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጀርባዋን ሲመታት ከሩቅ አየሁ።

የያኔዋ ሕፃን ዛሬ የእንጨት ሰሌዳዋን ይዛ ከፊቴ ትቀመጣለች። ስትቀራ ከሁሉም ልጆች በላይ ትጮኻለች።

ባለፈው በጋ እናቴ እህቴን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው አረፈች። ከአባቴ ጎን መቀበር ትፈልግ ስለነበር፣ በዚያው ቀን በቃሬዛ ተሸክመን አመጣናት። እኔ ዘንጓን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ቋጥኙ ጋ ስንደርስ አጎቴ እጁን አንስቶ «ቀስ በሉ» አለ።

ቃሬዛው ምንም ሳይነካ ዞረ።