ጄሪካኑ ላይ የለጠፍኩት ስም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የሐሜትና የጾም ኃጢአቴን እየዘበዘብኩ ይህቺን ምላሴ ሥር ደብቄ ስመለስ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ።

አቃቂ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የኬሚካል መጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ኬሚስታችን፣ «የኬሚካል ስም በዘፈቀደ አይወጣም፤ ውስጡ ያለውን ነው የሚናገረው። ስሙን ያነበበ ከምን ጋር እንደማይቀላቀል ያውቃል» ይለን ነበር። እኔ የአንዱን ረጅም ስም አይቼ ምን አልኩ? «ይሄ ስም ነው ወይስ ከቃሊቲ ሳሪስ የሚደርስ ባቡር?» ፋብሪካው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሳቁ ጣመኝ። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለውን በረኪና ጨርቅ ስለሚያነጣ «ሙሽራ» አልኩት፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲዱን ስለሚያቃጥል «አማት»። ፕላስተር ላይ እየጻፍኩ በየጄሪካኑ፣ በዋናው ስም ላይ ለጠፍኩ። በወሩ ዋናውን ስም የሚያነብ ሰው ጠፋ። ኬሚስቱ «አንሳ» ሲለኝ «እሺ» እያልኩ ከረምኩ።

አንድ ጠዋት አዲስ ጭነት ገባ። ጄሪካኑ ሁሉ ሰማያዊ። እንደተለመደው በቀኝ የተራገፈው በረኪና ነው ብዬ፣ ወሬ እየቀደድኩ ለጠፍኩ። አሲዱ ላይ «ሙሽራ» ብዬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

አልማዝ ጨርቅ በሚነጣበት ክፍል ትሠራ ነበር። ገንዳው ላይ የምትጨምረውን በረኪና ልትወስድ መጋዘን መጣችና የጄሪካኑን ክዳን ከፈት አድርጋ ፊቷን አዞረች።

«ታዴ፣ ይቺ ሙሽራህ ሽታዋ ተለየብኝ።»

«አግብታ ነዋ! ከጫጉላ ስትወጣ ይኸው ነው።»

«አንተ የማትረባ!» እየሳቀች ተሸክማው ሄደች።

ፕላስተሩን ገልጦ ማየት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ቀልዱ ቀደመኝ።

በረኪና ላይ አሲድ ሲደፋ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ጩኸት ሰምተን ስንደርስ አልማዝ ወድቃ ጉሮሮዋን ይዛለች። ሌላው ሰው ወደ እሷ ሮጠ። እኔ ወደ ጄሪካኑ ሮጥኩ። ፕላስተሩን ላጥኩት፤ ኪሴ ከተትኩት። በግርግሩ መሃል መጋዘን የቀሩትንም አዳዲስ ጄሪካኖች ላጥኩ። የጠዋቱን ስህተት በለው፤ ይሄኛውንስ ምን ትለዋለህ?

አጣሪዎቹ ሲመጡ ዋናው ስም ጄሪካኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አልማዝ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ፣ «ሙሽራ የሚል ተለጥፎበት ነበር» ብላ ነበር። እኔን ጠየቁኝ።

«ይሄ አዲስ ነው፤ ገና አልለጠፍኩበትም» አልኩ።

«ሳታነብ የደፋች» ተብሎ ተጻፈባት። ከሥራ ተባረረች። እኔ ጡረታ እስኪደርስ ልቀልድ እዚያው ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት አቃቂ ገበያ፣ ባጃጅ ስትጠብቅ አገኘኋት። በየሁለት ቃሉ ለትንፋሽ እያረፈች እንዲህ አለችኝ፦ «ታዴ… ሳስበው ሳስበው… አልተለጠፈበትም ነበር መሰለኝ። እኔው ነኝ ያላነበብኩት። ያኔ በከንቱ… ስምህን አነሳሁ። ይቅር በለኝ።»

እኔም፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።

እኔ! እሷን! ይቅር አልኳት!

አንባቢዬ፣ ማረኝ አልልህም። ይህን ወረቀት ይዤ ቤቷ እሄዳለሁ። እያረፈችም ቢሆን ታንብበው፤ ቆሜ እጠብቃለሁ።