የቦይለሩ መድኃኒትና የሐጂ ስፍር

ሮቤ ዘይት መጭመቂያ ቤት ኬሚስት ሆኜ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ቦይለሩ ታመመ። እንፋሎቱ ደከመ፣ ተልባው አልሞቅ አለ፣ ቧንቧው በነጭ ዝቃጭ ተደፈነ። ባለቤቱ «ታዲያ አንቺን ለምን ቀጠርኩሽ? እስከ ቅዳሜ ካላስተካከልሽው በዚያው ሂጂ» አለኝ። መሄድ ማለት ጎባ ቤተሰቦቼ ጋ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልችለውም።

ሁሉም የሚያማው ውሃውን ነው። የጉድጓዱ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ እውነት ነው። ኖራው ብረቱ ላይ እንዳይጋገር፣ ብረቱም እንዳይዝግ ፎስፎኔት የሚባል ፈሳሽ መድኃኒት እንጨምርበታለን። የሚጨምሩት ሐጂ ናቸው፤ ቦይለር ከመያዛቸው በፊት ገበያ ላይ ከሲናና ገጠር የሚመጣ ስንዴ ሲሰፍሩ የኖሩ ሽማግሌ። ጠዋት ቆሜ አየኋቸው። ጣሳውን ሞሉ፣ ቢስሚላህ ብለው ደፉት፣ ከዚያ ሌላ ግማሽ ጣሳ ደገሙ።

«ሐጂ፣ ይሄኛው ምንድነው?»

«ምርቃት ነዋ! ልክክ አድርጎ የሚሰፍር ሰው በረከት የለውም፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።»

«ቦይለሩ እኮ ደንበኛዎ አይደለም!»

«በጠዋቱ ደግሞ መጮህ ጀመርሽ?»

«ነጩ ነገር ሲብስስ ምን ያደርጋሉ?»

«ያኔማ ምርቃቱን እጥፍ አደርጋለሁ።»

ራሴን ያዝኩ። መድኃኒቱ በልኩ ሲሆን ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ሲበዛ ግን የውሃውን ካልሲየም ይዞ የማይሟሟ ጨው ይሆንና ይዘቅጣል። ቧንቧውን የደፈነው ራሱ መድኃኒቱ ነበር። ይሄን ብናገር ማንም አልሰማኝም። ሰለቸኝ። ባለቤቱን ጠርቼ ከዚያው ጉድጓድ ውሃ በሁለት ድስት ጣድኩ፤ አንዱ ላይ በልኩ ጠብ አደረግኩ፣ ሌላው ላይ ሐጂ በራሳቸው እጅ እንዲጨምሩ ሰጠኋቸው። ሲሞቅ የኔው እንደጠራ ቀረ፤ የሳቸው እንደ ወተት ነጣ።

ሐጂ ድስቱን ሲያዩ ቆይተው «ወላሂ፣ እኔ አጉድዬ መስፈር አልችልም። እጄ እምቢ ይለኛል። እሷ ትስፈር» አሉና ጣሳውን አስጨበጡኝ።

«በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየመጣሽ ስፈሪ» አለ ባለቤቱ። «የቅጥር ደብዳቤሽን ሰኞ ውሰጂ።»

እናቴ ጋ ደውዬ እልል አስብላታለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ዝቃጩ ገና ቦይለሩ ውስጥ ነው። ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ነጩን ጭቃ መዛቅ ጀመርኩ። ሐጂ ባልዲ ይዘው መጡ። አኩርፈዋል፤ ግን ባልዲው በሞላ ቁጥር ወስደው ይደፉልኛል።