የአያ ገላው ከሰል

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሰቆጣ በብርድ ስትንዘፈዘፍ፣ ምራቴ ከከሰል አምጪው ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ ሰማኋት። «ያንተ ከሰል ራስ ይበጥሳል! ምን ቀላቅለህ ነው የምትሸጥልን?» ትላለች። ምድጃው መሀል ቤት ተቀምጦ ፍሙ ቀልቷል፤ በሩም መስኮቱም ጥርቅም ብሏል። ተነሥቼ መስኮቱን በረገድኩት። «ኧረ እማማ፣ ብርዱ!» አለችኝ። ይህን ክስ እኔም ድሮ አንድ ሰው ላይ አውርጄዋለሁ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ ብርቄ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እናታችን ቤት ትታረሳለች። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ። ከሰል የሚያመጡልን አያ ገላው የሚባሉ፣ ከሰቆጣ ወዲያ ካለችው ከኛዋ ዝቋላ የሚመጡ ሰው ነበሩ፤ በሁለት አህያ ጭነው፣ መንገድ ላይ አድረው ይደርሳሉ። የማዳበሪያውን አፍ በቅጠል ወትፈው በገመድ ይጠልፉታል። እኔ ያን ቅጠል ባየሁ ቁጥር ከሥሩ ምን ደብቀው ይሆን እላለሁ። ተጠራጣሪ ነኝ፤ ወተት ቢሰጡኝ ውሃ ገብቶበታል የምል ሰው ነኝ።

እህቴ በወለደች በሳምንቷ ራሷን ያማት ጀመር። ቅቤና አብሽ የገባበት ገንፎ ስናቀርብላት ሁለቴ ጎርሳ ታስመልሳለች። ሕፃኑም ጡት መሳብ ትቶ ልፍስፍስ አለ። እናቴ ጸበል ትረጫለች፤ እኔ ከሰሉን ያዝኩ። እየሰበርኩ አየሁት፣ አሸተትኩት። ጥቁር ነው፤ ከሰል ሌላ ምን ይሆናል! ቢሆንም፣ ቅንጭብ አክስለው ቀላቅለውብናል አልኩ። ወተቱ ዓይን የሚያጠፋ እንጨት፣ ጭሱማ ምን አያደርግ!

በዚያ ላይ ሰውየው በመጡ ቁጥር «የአራሷን በር ገርበብ አድርጉላት» ይላሉ፣ አንገታቸውን ወደ ጓዳው አስግገው። ወይ ጉድ! እኛ ነፋስና የሰው ዓይን እንዳያገኛት መስኮቱን በቡትቶ ወትፈን፣ በሩን በጋቢ ጋርደን፣ የከሰል ምድጃውን አጠገቧ አድርገናል፤ እሳቸው ክፈቱ ይሉናል።

«አያ ገላው፣ ሌላ ደንበኛ የለዎትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አለኝ ልጄ። አራስ ያለበት ግን የናንተ ቤት ብቻ ነው።»

ይሄ መልስ ጭራሽ አሳበደኝ። ከሰላቸው መርዝ ነው፣ ዓይናቸውም ደግ አይደለም እያልኩ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞርኩ።

በገበያ ቀን እናቴ ቅቤ ልትገዛ ወጥታ፣ ገንፎ ይዤ ብገባ ብርቄ ዓይኗ ተገልብጧል። ብጠራት አትሰማም። ሕፃኑ ክንዷ ላይ ድምፁ የለም። እየጮኽኩ ስወጣ አያ ገላው ደጃፋችን ላይ ጭነት ያራግፋሉ። አንቱታውን ትቼ ደረታቸውን ያዝኩ። «ከሰልህ ጨረሳት! እህቴን ገደልክብኝ!»

እጄን አላቅቀው ገቡ፤ ባዕድ ወንድ፣ አራስ ቤት! ጋቢውን ገነጠሉት፣ ቡትቶውን በዱላቸው ገፍተው ጣሉት፣ ምድጃውን ከነፍሙ አንሥተው ደጅ ወረወሩት። እጃቸው ሲቃጠል አየሁ። ሕፃኑን ታቅፈው «እሷን ጎትተሽ አውጪ!» አሉኝ። አየር ሲያገኛት እህቴ ቃተተች። ሕፃኑ ግን ቆየ። እግዚኦ፣ እንዴት ቆየ! ከዚያ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

«የፍም ትንፋሽ መውጫ ይፈልጋል» አሉ፣ የተቃጠለ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው። «የኔም የበኩር ልጅ ቤት ተዘግቶበት ነው የቀረው።»

ያወራሁበትን ቤት ሁሉ እንደገና ዞርኩ። «ተሳስቼ ነው፣ ከሰሉ ደህና ነው» ብል ማን ይመነኝ! «ምን አቅምሰውሽ ነው?» አሉኝ። አያ ገላው ከዚያ በኋላ ሁለት ገበያ መጡ፤ ከእናቴ በቀር የሚገዛቸው ጠፍቶ ጭነታቸውን ይዘው ተመለሱ። ሦስተኛው ላይ ቀሩ።

ምራቴ ይህን ስነግራት ተነሥታ በሩንም ገርበብ አደረገችና «ይቅርታ ጠየቋቸው ግን?» አለችኝ።

አልጠየቅኳቸውም። ሁለቱንም ጊዜ ሲመጡ አፍሬ ጓዳ ገባሁ። እሳቸውን ለማማት ሰፈሩን ሙሉ ስዞር እግሬን ያላመመኝ ሴት፣ ደጃፋችን ላይ ለቆሙት ሰው አምስት እርምጃ መራመድ አቃተኝ።