አንገትጌው ላይ ያልተሰፋው ስም

የልብስ ሰፊዋ ምላስ እንደ መቀሷ ነው። ደንበኛ ሆዱን ስቦ ሲለካ፣ "ተንፍስ አባቴ፣ ልብስ የሚለበሰው እየተነፈሱ ነው" ትለዋለች። በአንድ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለጥርስ ሕመም አንዲት ክኒን ውጣ ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ዓይኗ ተደፍኖ፣ በሰው ትከሻ ተደግፋ ነበር ጤና ጣቢያ የገባችው። ከዳነች በኋላ በየቀሚሷ አንገትጌ ላይ በቀይ ክር ሰፋችበት፦ "መድኃኒት አይስማማኝም።"

የትኛው መድኃኒት? ማን ጠይቆ! የአንድ ክኒን ጥፋት ለአገር ክኒን ሁሉ ተረፈ። ራሷን ሲያማት በጨርቅ ጥፍር አድርጋ ማሰር ሆነ ሥራዋ።

ታዲያ አንድ ቀን የስፌት መኪናው መርፌ የቀኝ እጇን ጣት ወጋው። በሦስተኛው ቀን ጣቷ አብጦ መቀሱ ውስጥ አልገባ አለ። አንዱ የጤና ባለሙያ አንገትጌዋን አንብቦ "በጨው ውኃ ንከሪው" ብሎ ሸኛት። መጠየቅ ወገብ የሚያስቆርጥ ይመስል! በአምስተኛው ቀን ቅላቱ አንጓዋን አልፎ ወደ ክንዷ ሲወጣ፣ ታላቅ እህቷ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

ወጣቷ ሐኪም ጣቱን አየች፤ አንገትጌውንም አነበበች።

"የትኛው መድኃኒት ነው የማይስማማዎት?"

"መድኃኒት ነዋ፣ ልጄ!"

"ስም የለውም?"

"ፊቴ አብጦ ዓይኔ ጠፍቶ፣ ስምህ ማነው ልበለው?"

"መግሉን ከፍቼ አጥበዋለሁ። ግን ጸረ ባክቴሪያ ካልወሰዱ ጣቱን ልናጣው እንችላለን።"

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን አየች። ያለሱ መቀስ አይያዝም። ቀልዱ ሁሉ ጠፋባት።

"ቆይ" አለች እህቷ፣ "ያኔ የሰጡሽ ወረቀትስ?"

"ያን ቀን ስቆርጠው በነበረው ጨርቅ ላይ በስፒል ወግቼዋለሁ።"

እሷ ቤት ቁራጭ ጨርቅ አይጣልም። እህቷ ሄዳ አንድ ያላለቀ ሰማያዊ እጅጌ ይዛ መጣች፤ ወረቀቱ እንደተወጋ ነው። ሐኪሟ አነበበችው፦ አስፕሪን።

"ይኸውልዎ! የአስፕሪን ዘመዶች ሌሎቹ ማስታገሻዎች ናቸው፤ እነ አይቡፕሮፌንን ሳይጠይቁ እንዳይነኩ። እኔ የማዝልዎ ግን ከፔኒሲሊን ወገን ነው፤ ከአስፕሪን ጋር በመንገድም አይተዋወቁም። የዚህን ወገን ወስደው ያውቃሉ?"

"በልጅነቷ ለቶንሲሏ ስንቴ!" አለች እህቷ።

"ሽፍታ፣ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር?"

"ምንም። ያበጠው ኩራቷ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው እዚሁ ይዋጡትና ግማሽ ሰዓት አጠገቤ ይቆዩ።"

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። "እቴቴ፣ ሳልውጥ በፊት ፊቴን ለኪኝ።"

እህቷ ከአገጭ እስከ አናት አዙራ ለካቻት። "ስድሳ አራት።"

ዋጠች። "ለኪ!"

"ስድሳ አራት።"

አምስት ደቂቃ አልሞላም። "ለኪ!"

"ስድሳ አራት፣ አንቺ ሴትዮ!"

በአራተኛው ግን እህቷ ሜትሩን ሁለቴ አየችው። "ስድሳ... ስድስት።"

ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሣች። ቀረብ ብላ አየችና ሳቋን መያዝ አቃታት። "እናቴ፣ ሻሿን አብረው ለክተው እኮ ነው!"

"በዚህ አለካክሽ" አለች ልብስ ሰፊዋ ሻሿን እያስተካከለች፣ "ስንቱን ራቁቱን ታስቀሪው ነበር!"

በሳምንቱ እብጠቱ ጎድሎ ጣቷ መቀሱ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የቆረጠችው ያን ቀይ ክር ነው። በምትኩ ሰፋች፦ "አስፕሪን አይስማማኝም። ስለሌላው ጠይቁኝ።"

"'እህቴም አትስማማኝም' ብለሽ ጨምሪበት እንጂ" አለች እህቷ።

"አንገትጌው ጠቦኝ ነው" አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።