የገመዱ ጉብታ በየት በኩል ተመለሰች?

ቢሆነኝ እጅጉ የሚያከብረው ነገር ጥቂት ነበር፤ የሚንቀው ግን ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ገበያ ድረስ መንገዱን ሞልቶት ይኖራል። ገበሬው ገመድ ሊገዛ መጥቶ በሁለት እጁ ሳብ ሳብ አድርጎ «ጠንካራ ነው» ሲል ይንቀዋል። ነጋዴው ውፍረቱን በጣቱ ለክቶ ሲከራከር ይንቀዋል። ቄሱ ለደወል ማንጠልጠያ ነጭ ነጩን መርጠው ሲያነሡ አፉን ዘግቶ በሆዱ ይንቃቸዋል። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቃጫ እየፋቀ፣ እያበጠረና እየገመደ ነው የኖረው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ገመድ መግዛት የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም ይላል።

«ስቦ ማየትን ማንም ይችላል» ይላቸዋል። «ምታውና ምን እንደሚመልስልህ እይ።»

የሚለው ነገር እውነት ነው፤ እጅግም ያማረ ነገር ነውና ቀስ ተብሎ ቢታይ ይሻላል። ቢሆነኝ አዲስ የገመደውን ገመድ አንዱን ጫፍ ደጁ ላይ ካለው ዋንዛ ጋር ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ሌላውን ጫፍ በግራ እጁ ይዞ አርባ እርምጃ ይርቅና እስኪወጠር ይስበዋል። ከዚያ በቀኝ መዳፉ ከሥር ወደ ላይ አንድ ጊዜ ይመታዋል። ገመዱ ላይ አንዲት ጉብታ ትነሣለች፤ ከሰሌን ሥር እንደምትሮጥ አይጥ ወደ ዋንዛው ትሮጣለች፤ ደርሳም ትመለሳለች። መንገድ ላይ ከፊሏ ተቆርጦ ቀድሞ ከተመለሰ፣ እዚያች ቦታ ላይ ቃጫው በቅጡ አልተቀጠለም ማለት ነው።

ዋናው ግን አመላለሷ ነው። ከላይ ጎብጣ የሄደችው ከሥር ሰርጉዳ ትመጣለች። ጫፉ ጠብቆ ከታሰረ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጫፉ ካልጠበቀና ወደ ላይ ወደ ታች እንደ ልቡ የሚንሸራተት ከሆነ ግን፣ ከላይ እንደሄደች ከላይ ሆና ትመለሳለች።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለሰው ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ አልታየም፤ ማስረዳትም ለሰነፍ መንበርከክ ይመስለዋል። ለልጁ ለእናኑ ግን ገና ሳታገባ አስረድቷታል። ከዋንዛው ማዶ ሌላ ገመድ አለ በይ፣ የዚህኑ ያህል ርዝመት ያለው፤ በዚያኛው ጫፍ ሌላ ቢሆነኝ ቆሟል፤ እኔ ስመታ እሱም እኩል ይመታል አላት።

«ሁለት ቢሆነኝ?» አለች እናኑ። «አንዱስ መቼ ተቻለና።»

አልሣቀም፤ ግን አልተቆጣም። ዋንዛው ንቅንቅ የማይል ከሆነ ያ ሰውዬ ተገልባጭ ነው ብሎ ቀጠለ፤ እኔ ወደ ላይ ስመታ እሱ ወደ ታች ይመታል። ሁለቱ ጉብታዎች ዋንዛው ላይ ሲገናኙ የእኔ ያነሣል፣ የእሱ ይጫናል፤ ስለዚህ እዚያች ነጥብ ላይ ገመዱ ፀጥ ይላል። ከዚያ ይተላለፋሉ፤ የእኔ ወደ እሱ ያልፋል፣ የእሱ ወደ እኔ ይመጣል። ከሥር ሰርጉዶ የሚመጣው የእሱ ነው። ጫፉ ካልታሰረ ደግሞ ሰውዬው በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ሰው ነው፤ እኔ ወደ ላይ ስመታ እሱም ወደ ላይ። ሁለቱ ጉብታዎች ተጋግዘው ጫፉን በእጥፍ ያዘልሉታል።

«እጃችን ላይ ያለው ግማሹ ገመድ ነው» አላት። «የሌለውን ግማሽ የሚወስነው ጫፉ ነው። ጫፉን ሳታዪ ስለ ገመድ አትናገሪ።»

ገመዱን በዝግታ እያወዛወዘም አሳያት። መጀመሪያ ገመዱ ሙሉ አንድ ሆድ ሆነ፤ እጁን ሲያፈጥን ሁለት ሆድ፣ የበለጠ ሲያፈጥን ሦስት። የምትሮጠዋ ጉብታም የነዚህ ሆዶች ድብልቅ ናት፤ አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ገብቶባት ነው የተሠራችው አላት። ጫፉ ሲታሰር ሆዶቹ ሁሉ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ባዶ ይሆናሉ፤ ሲለቀቅ እዚያው ጫፉ ላይ ይሞላሉ። እናኑ ገመዱን ተቀብላ ራሷ መታችውና ጉብታዋን እስክትመለስ በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሆነኝ የሚያከብረው ሰው አንድ ሆነ።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ከሠራ በኋላ የእናኑ ባል ላቀው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ፈረስ ቤት ተራሮች ወጣ። እሱን ማግኘት ያልቻሉት ጣሊያኖች እሷን መያዣ አድርገው ቡሬ አሰሯት። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ክረምት ብር ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ ሲጠፋ፣ የጣሊያኑ መሐንዲስ ያን ጊዜ ወጀት ይባል ከነበረው ከፍኖተ ሰላም ወዲያ በወንዙ ላይ ገመድ ዘርግቶ ሰውና እህል በቅርጫት ሊያሻግር አሰበ። ገመዱን ቢሆነኝ እንዲሠራ ታዘዘ። ሠርቶ ሲጨርስ መሐንዲሱ አንድ ትእዛዝ ጨመረ፤ ቅርጫቱ ውስጥ መጀመሪያ የምትገባው የገማጁ ልጅ ናት። ገመዱ ከከዳ ከእሷ ጋር ይክዳል። ደኅና ከሆነ ተሻግራ ትመለሳለች፤ ከዚያም ወደ እስሯ።

ትእዛዙን ያደረሰው ንብረት የሚባል የቡሬ ሰው ነበር፤ ሦስት ወር ጣሊያን ቤት ውሃ ቀድቶ አስተርጓሚ ሆኗል።

«እንግዲህ አያ ቢሆነኝ፣ ገመድዎን ካመኑት ስለ ልጅዎ ምን ያሳስብዎታል» አለው።

ቢሆነኝ ንብረትን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ይህን ሰው ለመናቅ እንኳ ሰንፎ ቆይቶ ነበር፤ አሁን ጊዜ ሰጠው።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ጧት ወንዙ ዳር ደረሱ። ብር ድፍርስ ሆኖ ግንድ እየገለበጠ ይወርዳል። ጭጋጉ ማዶውን ሸፍኖታል፤ ከገመዱ ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ የለም። ማዶ ያለው ታከለ የሚባል የአገሩ ሰው ብቻ ነበር፤ ውሃው ጥቂት ጎደል ባለበት ቀን ጫፉን ይዞ የተሻገረው እሱ ነው። ወታደሮቹ ገመዱ ሳይሞከር አንሻገርም ብለው ወዲህ ቀርተዋል።

ወዲህ ገመዱ ከዘንባባ ግንድ ጋር በቢሆነኝ እጅ ታስሯል። ማዶ ግን መሐንዲሱ የራሱን ብልሃት ጨምሮበታል፤ የገመዱ ጫፍ በብረት ቀለበት ላይ፣ ቀለበቱ በለሰለሰ ምሰሶ ላይ ነው። ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ቀለበቱ ከፍና ዝቅ ይደረጋል፤ ከዚያ በቀለበቱና በምሰሶው መካከል ሽብልቅ በመዶሻ ይመታበትና ይጠብቃል። ንብረት እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ቀለበቱ ቦታው ላይ መሆኑን ጠየቀ። ከጭጋጉ ውስጥ ታከለ፣ ቦታው ላይ ነው ብሎ መለሰ።

መሐንዲሱ ደብተሩን ገልጦ ቅርጫቱ ሲንጠለጠል ገመዱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ያሰላ ነበር። ቢሆነኝ በትከሻው ላይ አጮልቆ አየ። ፊደሉን አያውቅም፤ ሥዕሉን ግን ወዲያው አወቀው። አንድ ሆድ፣ ከሥሩ ሁለት ሆድ፣ ከሥሩ ሦስት ሆድ። ለአንድ አፍታ ይህን ሰው ሊያከብረው ምንም አልቀረውም። ዛሬ በትምህርት ቤት ያንን የተገልባጩን ሰውዬ ገመድ ኢተጋማሽ ቅጥያ፣ የመስተዋቱን ሰውዬ ደግሞ ተጋማሽ ቅጥያ ይሉታል፤ የመጀመሪያው በሳይን፣ ሁለተኛው በኮሳይን ድምር ይጻፋል። መሐንዲሱ በሳይን ጽፎ ነበር። ሆዶቹ ሁሉ ማዶ ሲደርሱ ባዶ ሆነው ያልቃሉ። ጫፉን አይቶት አይደለም፤ እንዲታሰር ስላዘዘ ታስሯል ብሎ ነው።

ቢሆነኝ ወደ ዘንባባው ሄዶ ገመዱን ከሥር ወደ ላይ መታው። ጉብታዋ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ሦስት ጊዜ ያህል ተነፈሰ። ስትመለስ ከላይ ነበረች።

ደግሞ መታ። አሁንም ከላይ።

እናኑ እጇ ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ቆማለች። እሷም አይታለች፤ አባቷን አየችው።

«ማዶው አልታሰረም በለው» አለ ቢሆነኝ ለንብረት።

ንብረት ተረጎመ፤ መሐንዲሱ ሣቀ። በጭጋግ ውስጥ የሚያይ ሽማግሌ እስከዛሬ የት ነበር ይልዎታል አለ ንብረት፤ ለልጁ የፈራ አባት የማይለው የለም፣ ቅርጫቱን አቅርቡ ብሏል አለ። የአንድ ወታደር እጅ የእናኑን ክንድ ያዘ።

«ፈርቻለሁ» አለ ቢሆነኝ። «ይህ ግን የእኔ ፍርሃት አይደለም፤ የገመዱ ነው። የሣለውን ሥዕል ይመልከትና እሱ ራሱ ይምታው። ደብተሩ እውነት ከሆነ ከሥር ይመለስለታል።»

መሐንዲሱ በንቀት ፈገግ ብሎ መጣና መታው፤ በጥፊ እንደሚመታ ሰው በጎን። ገመዱ ወደ ጎን ተርገፈገፈ።

«ሰው አይደለም፤ ገመድ ነው በለው» አለ ቢሆነኝ። «ከሥር ወደ ላይ።»

መሐንዲሱ ከሥር ወደ ላይ መታ። ጉብታዋ ሄደች፤ ከላይ ተመለሰች። ደብተሩን አየ። ደግሞ መታ። አንገቱ ከኮሌታው በላይ ቀላ። የተማረ ሰው ነበር፤ የሚያየው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያውቀው የነበረውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ወርዶ በእጁ አልነካውም፣ ይኸው ነው። ልሞክረው ልል ስል ነው የተናገርከው ብሎ በንብረት አፍ አስነገረ። ቢሆነኝ ሊሰጠው የነበረችውን ትንሽ አክብሮት መልሶ ወሰዳት።

ንብረት ሽብልቁ ተመትቷል ወይ ብሎ ጮኸ።

«ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው» አለ የታከለ ድምፅ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ታከለ ቀለበቱን በተባለው ቁመት ላይ ከላይ በልጥ አንጠልጥሎታል፤ ማንጠልጠል ሥራ አይደለም። መዶሻ ማንሣት ግን ሥራ ነው፤ በሐምሌ ሚካኤል ብረት አይመታም፤ ነገ በማለዳ እመታዋለሁ ብሎ ነው ያሰበው። ቀለበቱ የት እንደሆነ እንጂ ስለ ሽብልቁ ማንም አልጠየቀውም። ሰው ቢንጠለጠል ልጡ ይበጠሳል፣ ቀለበቱ በምሰሶው ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ቅርጫቱም ከነሰዉ ብር ውስጥ ይገባል። ይህን አላሰበውም።

«ለሚካኤል ብሎ መዶሻ አያነሣም» አለ ቢሆነኝ ለማንም ሳይሆን። «የሰው ልጅ ማስጠም ግን በዓል አይሽርበትም።»

መሐንዲሱ ሽጉጡን አውጥቶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ትንሽ ቆይቶ ከጭጋጉ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ መጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ። ቢሆነኝ ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቆ መታ። ጉብታዋ ከላይ ሄዳ ከሥር ሰርጉዳ መጣች። ሁለተኛ መታ፤ ከሥር። ሦስተኛ መታ፤ ከሥር። ያን ጊዜ ዞሮ ለልጁ ራሱን ነቀነቀላት።

እጇን ፈቱላት፤ ገመዱን እየሳበች መሻገር አለባትና። ቅርጫቱን መልሶ የሚስበው ቀጭን ገመድ በንብረት እጅ ነበር። ከወታደሮቹ አንዱ፣ ማዶ ያለ ጠባቂ ብቻዋን ናት እኮ፣ መንገዱም ወደ ፈረስ ቤት ነው አለ። መሐንዲሱ ግን በዚህ ዝናብ አንዲት ሴት ወዴት ትሄዳለች ብሎ እጁን አወናጨፈ።

«አባየ» አለች እናኑ ቅርጫቱ ውስጥ ሆና። «የማደርገው አለ?»

«ማዶ ስትደርሺ ምቺው» አላት። «መድረስሽን ልወቅ።»

ጭጋጉ ዋጣት። ቢሆነኝ መዳፉን ገመዱ ላይ አሳርፎ ቆመ። ቅርጫቱ በእያንዳንዱ ስበት ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። ወንዙ ይጮሃል። ጥቂት ቆይቶ ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት ጉብታ ወጣች፤ ከላይ ነበረች፤ ጥርት ያለች፣ በደንብ የተመታች። እጁን አነሣላት፤ ዘንባባው ላይ ደርሳ ተገልብጣ በመጣችበት ተመለሰች።

ንብረት ቀጭኑን ገመድ መሳብ ጀመረ። በሁለት እጁ የጀመረው በአንድ እጁ ቀጠለ፤ እጅግ ቀለለው። ቅርጫቱ ከጭጋጉ ሲወጣ ባዶ ነበር። ታከለን ጠሩት፤ ታከለም አልመለሰም።

መሐንዲሱ ቅርጫቱን አየ፣ ወንዙን አየ፣ ከዚያ ቢሆነኝን እያመለከተ ብዙ ተናገረ።

«ልጅህ የት ናት ይልዎታል» አለ ንብረት፤ ድምፁ ኮስሷል።

«ገመዱ ደኅና ነው በለው» አለ ቢሆነኝ። «ልጄን የላካት እሱ አይደለም ወይ፣ ገመዱን ልሞክር ብሎ? ሞከረው። ደኅና ነው።»

ንብረት ይህን ይተርጉም፣ ሌላ ይተርጉም አልታወቀም። ቢሆነኝን ወደ ቡሬ ወሰዱትና በሰው ፊት ሠላሳ ጅራፍ ፈረዱበት። አስተኝተው እጅና እግሩን ከያዙ በኋላ ገራፊው ጅራፉን ሲዘረጋ፣ ቢሆነኝ ጉንጩ መሬት ላይ እንዳለ በአንድ ዓይኑ ጅራፉን ተመለከተ።

«ይህን ማነው የገመደው?» አለ።