ከሁለት ባና ሥር ያወጣኝ ጌታ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የተነሣሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እመሰክራለሁ፤ እናንተም «ሃሌሉያ» ስትሉ ቀስ በሉ፤ ከግድግዳው ወዲያ አብዮት ጥበቃ አለ። ጌታ በሹክሹክታም ይከብራል፣ ስሙ ይባረክ!

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ለአንኮበር ሰው ታጭቼ ሠርጌ ሲቃረብ እናቴ «ወይባ ጢስ ትሙቅ፤ ቆዳዋ ወርቅ ይምሰል» አለች። ታውቁታላችሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ ፍም ላይ እንጨቱ ይጨሳል፣ ሴቲቱ ተሸፍና ከላይ ትቀመጣለች። ማን አስገደደኝ? አምላኬ መስታወት ነበር፤ እየዘፈንኩ ገባሁ። ቆላ ያሉት የአልዩ አምባ ሴቶች በስስ ጨርቅ ነው የሚሸፈኑት፣ በሩንም ከፍተው። እኛ ደጋኞች ግን ብርድ እንፈራለን! በወፍራም ባና፣ ያውም በሁለት አፈኑኝ፤ በሩንም ጥርቅም አደረጉት። ራሴን አዞረኝ። «እማዬ» ልል ስል አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ሌላውን የነገረችኝ አክስቴ እልፍነሽ ናት፤ ይቻትና። በቃሬዛ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ሐኪሙ እናቴን ተቆጣት፦ «ገና ለጋ ልጅ ናት! ለትልቅ ሴት የሚከብደውን ጢስ እንዴት ልጅ ላይ ትለቃላችሁ? የምችለውን አደርጋለሁ፤ ተስፋ ግን አልሰጣችሁም።»

አክስቴን ዘመድ ሁሉ «ጴንጤ» ብሎ አግልሏት ነበር፤ ከሁሉ የባሰችው እናቴ ነበረች። ያን ቀን ግን እጇን ይዛ «ያንን ጌታሽን ለምኚልኝ!» አለቻት። አክስቴ ግንባሬን ይዛ ጸለየች። ወገኖቼ፣ ዓይኔን ገለጥኩ! መጀመሪያ የሰማሁት «ኢየሱስ» የሚለውን ስም ነው። ሠርጉ ቀረ፤ እኔም የእሱ ሆንኩ። ክብር ለጌታ!

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ተሰበሰበ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለች ልጅ ወይባ እንዳትሞቅ ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀረበ። «የእናቶቻችን ወግ ነው፤ ማን ሞተ?» እያሉ ሊጥሉት ሆነ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ልጅም፣ ያቺ የአሥራ አራት ዓመቷ፣ የምትሞቅበት ቀን ተቆርጦላት ነበር። ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። ተነሥቼ የደረሰብኝን ሁሉ ተናገርኩ።

ሊቀመንበሯ አፈጠጠችብኝ። «ሐኪሙ ተስፋ ካልሰጠ ታዲያ ማን አዳነሽ?» አለች።

በጌታ ስም የታሰሩትን እናውቃቸዋለን። «የሐኪሙ መርፌ» ብል በሰላም ቤቴ እገባ ነበር።

«ኢየሱስ» አልኩ።

ሊቀመንበሯ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ማን እንዳዳነሽ አልሰማሁም» አለች፤ «የጢሱን ነገር ግን ሰምቻለሁ። ይከልከል የምትሉ፣ እጅ አውጡ።» የራሷን እጅ ቀድማ አነሣች። ልጅቷ ተረፈች። ጌታ ይመስገን!

አሁን አትደንግጡብኝ። በሩ አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠችው ያቺው ሊቀመንበር ናት። «ያ ያዳነሽ ማነው?» ብላ ቤቴ ድረስ መጣች። እኔም እየፈራሁ ነው ያመጣኋት።

ነይ እህቴ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ። እኔን በሁለት ባና ታፍኜ ሳለሁ ያልረሳኝ ጌታ አንቺንም አይረሳሽም፤ እመኚው። እልፍነሽ፣ ቦታ ልቀቂላት።