የጡት ልጅ በሰበር ችሎት

ሰው ፍርድ ቤት የተመላለሰበትን ዘመን እንዴት ይናፍቃል ብትሉኝ፣ እኔ እናፍቃለሁ። ከአንኮበር በሌሊት ተነስተን፣ ደብረ ብርሃን መነኸሪያ ውርጩ እግራችንን እየቆረጠመው ሻይ የምንጠጣበትን፣ እማዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ረዳቱን በታሪፍ የምትከራከርበትን ጊዜ። ዛሬ ያንን መንገድ ብቻዬን ስመላለስ ረዳቱ የጠየቀኝን እከፍላለሁ። ያለ እሷ መከራከሩ አይጥመኝም።

እማዬና አባቴ አልወለዱኝም። የወለደችኝ ጎረቤታቸው ነበረች፤ አራስ ቤት ሳለች አረፈች። እማዬ ልጅ አልነበራትምና ወሰደችኝ። በአገራችን ወግ ጡቷን ማር ቀብታ አጠባችኝ፤ አባቴም አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አስጠባኝ። የነፍስ አባታቸው ቄስና አንዲት አሮጊት ጎረቤት ቆመው አይተዋል። በዚያ ቀን የጡት ልጅ ሆንኩ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሳጠፋ እንደ ልጅ ተቆንጥጫለሁ፤ የሰው ልጅ ናት ብሎ የማረኝ የለም።

አባቴ ሲሞት የወንድሙ ልጅ አርባው እንደወጣ ከሰሰን። ክሱ አጭር ነበር፦ ጉዲፈቻውን ፍርድ ቤት አላጸደቀውም፤ ስለዚህ ልጁ አይደለችም፤ ስለዚህ ከአባቴ ድርሻ ምንም አይደርሳትም። ቤቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች፣ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮዋ የሚንጫጫ ቤት ናት። ድርሻው ቢወሰድ እማዬ በስተርጅና ግማሽ ቤት ይቀራታል፤ እኔ ደግሞ ያለ አባት እቀራለሁ። ደብረ ብርሃን የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረኝ፤ የቤቱን ነገር እንደምንም እችለዋለሁ። «ልጁ አይደለችም» የሚለውን ግን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር።

መጀመሪያ ተረታን። ይግባኝ ብለንም ተረታን። ጎረቤቱ ሁሉ «ተይው፣ ከዘመድ ጋር እስከ መቼ?» ሲላት እማዬ የምትመልሰው አንድ ነው፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።» ሁለት ጊዜ ተፈርዶብሽ የለም ወይ ሲሏት፣ «ያ ፍርድ አልነበረም፣ ስህተት ነው እንጂ» ትላለች። እንዳጋጣሚ ደግሞ ጠበቃችንም የነገራት ይህንኑ ነው። አገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት አላት፣ አዲስ አበባ፤ እዚያ ሰበር የሚባል ችሎት አለ፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ያርማል አላት።

ጠበቃው ወጣት ቢሆንም ትዕግሥተኛ ነበር። «እናቴ፣ ሰበር ምስክር አይሰማም» ብሎ አስረዳት። «እውነቱን ታች ያሉት አጣርተው ጨርሰዋል። ሰበር በተጣራው እውነት ላይ ሕጉ በትክክል ተተርጉሟል ወይ ብሎ ብቻ ነው የሚያየው። የሰጠውን ትርጉም ደግሞ በአገሩ ያለ ፍርድ ቤት ሁሉ ይከተለዋል።»

እማዬ አሰበችበትና «እንግዲያ እህሉን ትተው ወንፊቱን ነው የሚያዩት» አለች።

«እንደሱ ነው» አለ ጠበቃው፣ ደስ ብሎት። የገባት መስሎት ነበር።

መጀመሪያ ሦስት ዳኞች መዝገቡን አይተው ስህተት ያለው ከመሰላቸው «ያስቀርባል» ይላሉ፤ ካልመሰላቸው ነገሩ እዚያው ይሞታል። ያንን ቃል ስንጠብቅ እማዬ ጾም ጨመረች። ጠበቃው ደውሎ «ያስቀርባል ተብሏል» ሲለኝ ሱቄን ዘግቼ አንኮበር ወጣሁና ነገርኳት። እልል አላለችም። «መቼ ነው?» አለችና ወዲያው የነፍስ አባቷን፣ አባን፣ ፍለጋ ወጣች።

ለምን እንደፈለገቻቸው የገባኝ በቀጠሮው ዋዜማ ነው። ደብረ ብርሃን መነኸሪያ ስጠብቃት ከሚኒባሱ ሦስት ሆነው ወረዱ፦ እሷ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን የጠመጠሙት አባ፣ ከኋላ ደግሞ በምርኩዝ የሚሄዱት አሮጊት ጎረቤታችን።

«እማዬ፣ ምስክር አይሰሙም ተብለሽ የለም?»

«ታች ስላልሰሟቸው ነው የተረታነው» አለች። «ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ የት አገር አለ? እነሱም ሰው ናቸው፤ አባን ሲያዩ ይሰማሉ።»

ታች እኮ ሁለቱም መስክረው ነበር፣ የምስክርነታቸውን እውነትነት የካደ አልነበረም። እሷ ግን ሰው ካመነ እንዴት በእኛ ላይ ይፈርዳል ባይ ናት፤ ስለዚህ ያልተሰሙ ያህል ነው የቆጠረችው። ተናደድኩ፣ ግን አሮጊቷን ከዚያ ብርድ ላይ ልመልስ? አብረን ሄድን።

አዲስ አበባ የፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው የአባ የእጅ መስቀል በማሽን ይለፍ አለ። አባ መስቀል አይፈተሽም አሉ። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። በመጨረሻ ጥበቃው መስቀሉን ተሳልሞ አሳለፋቸው።

ችሎቱ ውስጥ አምስት ዳኞች ጥቁር ካባቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አብዛኛው ክርክር በጽሑፍ ያለቀ ነው፤ የቀረው ጥያቄ ለጠበቆች ነበር። የኛ ተራ ደርሶ ጠበቃችን ተናግሮ ሳይቀመጥ እማዬ ብድግ አለች። ነጠላዋን አደግድጋለች።

«ጌቶቼ፣ ምስክሮቼ እዚህ ናቸው። ማሩን ያዩ ናቸው።»

አባም ተነሱ። አሮጊቷም ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ። ጠበቃችን ዓይኑን ጨፈነ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

መሃል የተቀመጡት ሴት ዳኛ አልተቆጡም። «እናቴ፣ ይቀመጡ» አሏት። «እንዳሳደጓት ማንም አልካደም፤ እኛም አምነናል። እኛ የምንመረምረው፣ እንዲህ ያደገችን ልጅ ሕጉ ልጅ ይላታል ወይ የሚለውን ነው።»

እማዬ ነጠላዋን አጠበቀች። «እሱንም ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር» አለችና ተቀመጠች። ከዳኞቹ አንዱ ፈገግታውን በወረቀት ሸፈነ። ያን ጊዜ ያፈርኩባትን ያህል ዛሬ እኮራባታለሁ፤ ያንን ንግግሯን ለደንበኞቼ ሳልነግር ያሳለፍኩት ሳምንት ያለ አይመስለኝም።

ለፍርዱ ቀን የሄድነው ሁለታችን ብቻ ነን። ዳኛዋ ፈጥነው አነበቡት፤ የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። የታችኞቹ ውሳኔ ተሽሯል። በወጉ መሠረት እንደ ልጅ ተቀብለው እስከ መጨረሻው ያሳደጓት በመሆኑ የሟች ልጅ ናት። ከዚያ ደግሞ አንድ ዳኛ በሐሳብ ተለይተዋል አሉ።

መነኸሪያ ደርሰን አውቶቡሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ እማዬ ደስታውን ትታ ያንን አንድ ዳኛ ያዘች። «አራቱ ልጃቸው ናት ሲሉ እሱ ምን ሆኖ ነው?»

«ሕጉን በሌላ መንገድ አይቶት ነው፣ እማዬ።»

«ያሳደገችው እናት የለችውም?»

ሳቅሁ። «አሁን ምን አስጨነቀሽ? ረትተናል እኮ። ቤቱ ቤታችን ነው።»

«ቤቱን ተይው» አለች። «ቤቱንስ ይውሰደው ነበር። ቆርቆሮ ነው።» የያዘችውን የቆሎ ፌስታል ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «እኔ የፈራሁት አንቺን ነው። ትልቁ ፍርድ ቤት ልጃቸው አይደለሽም ቢልሽ፣ አንቺም ታምኚያለሽ ብዬ ነው።»

 ለሁለተኛ ጊዜ ከተረታን ወዲህ፣ ስጠራት «እማዬ» ከማለቴ በፊት ትንፋሽ ያህል እቆም ነበር። ያወቀችብኝ አይመስለኝም ነበር።